ያልተጠየቅሁበት ስምምነት

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ የካቲት 9

ጉዳዩ፦ ለፊታችን ሐሙስ የተያዘልኝ የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ለጊዜው እንዲቆምልኝ፣ ያሉት የሕክምና አማራጮችም ለእኔ ለራሴ ተነግረውኝ እንድመርጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካች በዚሁ ሆስፒታል የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት፣ አገልግሎቴ ሃያ አራት ዓመት ነው። ባልደረቦቼ ጋሽ ማኅደር ይሉኛል፤ ሲጀመር ለቀልድ ነበር፣ አሁን የሰው ኃይል ክፍሉም ዋናውን ስሜን የሚያስታውስ አይመስለኝም። ሥራዬ በመስኮት ቁጥር መቀበል፣ ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥቶ ለሐኪሙ ማድረስ፣ ሲመለስም በቦታው ማስገባት ነው። ካርድ ከፍቶ ማንበብ አይፈቀድልኝም። የጎረቤቴም፣ የአለቃዬም፣ ዐይንህን ለአፈር ያለኝ ሰውም ካርድ በእጄ አልፏል። አንዱንም አልከፈትሁም።

2. ባለፈው ኅዳር ሽንቴ እምቢ እያለኝ እዚሁ ተመረመርሁ። ደም ሰጠሁ፣ ናሙናም ተወሰደልኝ። የውጤቱ ቀን መስኮቴ ላይ ሰልፍ ስለነበረብኝ ሐኪሙ ዘንድ የገባችው ልጄ ናት። ስትመለስ «አባዬ፣ ትንሽ እጢ ናት፤ ትወጣና ትገላገላለህ» አለችኝ። ልጄ መምህርት ናት፤ ስትዋሽ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። ያን ቀን ከፍ አድርጋዋለች። ልብ አላልሁትም፤ ወይም ልብ ማለት አልፈለግሁም።

3. ጥር 25 ከቀዶ ሕክምና ክፍል የተረኞች ዝርዝር መጣ። አሥራ አንድ ቁጥር ነበር፣ ሰባተኛው የእኔ። ካርዴን አወጣሁ። ወድቆ ተከፈተ ብል ክቡርነትዎ ያምኑኝ ነበር፤ ግን አልወደቀም። ቆሜ ከፈትሁት።

የፕሮስቴት ካንሰር ይላል። ከእጢው አልወጣም፣ ዝግ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው ይላል። ከሥሩ ሐኪሙ በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ (ይህ በእኛ ቤት ብርቅ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው) ሦስት መንገድ ዘርዝረዋል፦ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር፣ ወይም ለጊዜው ሳይነኩ በቅርብ መከታተል። «በዚህ ደረጃ ሦስቱም ዕድሜን በማቆየት በኩል የጎላ ልዩነት የላቸውም፤ የሚለያዩት በሚያስከትሉት ጉዳት ነው፤ ምርጫው የታካሚው ነው» ብለዋል። ወረድ ብሎ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ለቤተሰብ ተገልጿል። ቤተሰብ ቀዶ ሕክምናን መርጧል። ለታካሚው እንዳይነገር ቤተሰብ ጠይቋል።» ስምምነቱ ላይ ያለው ፊርማ የልጄ ነው።

ምን ተሰማህ ቢሉኝ፣ ምንም። ካርዱን ዘግቼ ከአሥሩ ጋር አሰርሁት፣ አደረስሁት፣ ምሳዬን በላሁ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። እጄ ይሠራል፣ አፌ ያወራል፣ ሰው ሲያስቀኝ እስቃለሁ። ሰውነቴ ግን የሌላ ሰው ሆኖብኛል።

4. ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ሳምንታት ሌላም የማይፈቀድልኝን ነገር አድርጌአለሁ። በዚሁ በሽታ ተመላላሽ መሆናቸውን ሰልፍ ላይ ሲያወሩ የሰማኋቸውን ሰዎች «ወንድሜ ታሞብኝ ነው» እያልሁ በመስኮቴ ጠይቄአለሁ። ወንድም የለኝም።

አንደኛው ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ዓመት አለፈው። ወጥቶለት ስለተጣለ ልቡ አርፏል። ነገር ግን ሲያስል ሱሪው ይርሳል፤ ከሚስቱም ጋር እንደ እህትና ወንድም እንኖራለን ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ነው። ለሳምንታት በየቀኑ እየተመላለሰ ጨረር ወሰደ፤ ቢላ አልነካውም፣ ከሰዓት በኋላም የስፌት መኪናው ላይ ይቀመጥ ነበር። ድካሙ አልፎለታል። ሆዱ ግን እስካሁን ድንገት ስለሚያስሮጠው መጸዳጃው የት እንዳለ ሳያጣራ ሰርግ አይሄድም። ሦስተኛው መሐንዲስ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። በየስድስት ወሩ ደም ይሰጣል፣ አልፎ አልፎ ናሙና ይወሰድለታል፤ ነገሩ ከተለወጠ ያኔ ይታከማል። በሽታው ራሱ አያስቸግረውም፤ ውጤት በሚጠብቅበት ሳምንት ግን ቤቱ ውስጥ ቀና ብሎ የሚያየው እንደሌለ ነገረኝ። «ወንድምህ ሆደ ቡቡ ከሆነ ይቅርበት፣ ይቆረጥና ይረፍ» ሲል መከረኝ።

እኔ ሆደ ቡቡ ልሁን አልሁን አላውቅም፤ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ በሰው ፊት የምቆም ሰው ስለሆንሁ የሾፌሩ ነገር ያስፈራኛል። ሚስቴ የለችም፤ ስለዚህ የሾፌሩ ሁለተኛ ጉዳት አይመለከትህም የሚለኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ይመለከተኛል፤ ለማን ብዬ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሁሉንም ሰምቼ ቀዶ ሕክምናውን ራሴው እመርጥ ይሆናል። ያልወሰንሁት የመስኮት ወሬ ሐኪም ስለማይሆን ነው።

5. ቤቴ ውስጥ ሁሉም ያውቃል። ስገባ ወሬው ይቆማል፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለ አየሩ ያወራል። አብራኝ የምትኖረው እህቴ ሳትነጫነጭ ታበላኛለች፤ ይህ ብቻውን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ እኔን ሲያይ ከወንበሩ ይነሳል፤ ድሮ ተነስቶልኝ አያውቅም። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ሳህኔን አንስቼ እገባለሁ። የሚቆረጠው አካል የእኔ ሆኖ ሳለ ከቤቱ ሁሉ ያልተጠየቅሁት እኔ ነኝ። አቤቱታዬ ይህ ነው።

6. በልጄ ላይ ግን አቤቱታ የለኝም። ይህን ሥራ የተማረችው ከእኔ ነውና የተማረችበትን ቀን ለክቡርነትዎ ማስረዳት ግዴታዬ ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እናቷ እዚሁ ሆስፒታል የጨጓራ ካንሰር ሲገኝባት ውጤቱን የሰማሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴን «ጨጓራሽ ቆስሎ ነው፣ ይድናል» አልኋት። ያኔም አማራጭ ነበር፤ ሐኪሙ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ፣ እኔም መረጥሁላት፣ ፈረምሁላት። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ይዤ «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» አልኋት። ትንፍሽ አላለችም። ባለቤቴ በሰባተኛው ወር ዐረፈች፤ ምን እንደገደላት የነገራት ሰው የለም። ለእሷ አስበን ነው ያደረግነው። እስከ ጥር 25 ድረስ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

7. ስለሆነም ከክቡርነትዎ የምለምነው የሚከተለውን ነው፦

ሀ. የሐሙሱ ቀዶ ሕክምና እኔ ራሴ እስክወስን ድረስ እንዲቆምልኝ፤ ተራዬም ለሚቀጥለው ታካሚ እንዲሰጥ።

ለ. ሐኪሙ እኔንና ልጄን ባንድነት አስቀምጠው ሦስቱን መንገዶች ከነጉዳታቸው እንዲነግሩኝ፤ የምጠይቀው ብዙ ስለሆነ ጊዜ እንዲይዙልኝ። ማወቄን ለልጄ የምነግራት ከዚያ በፊት እኔ ነኝ፤ ከሌላ እንዳትሰማው አደራ።

ሐ. ካርድ ከፍቻለሁና ደንቡ የሚያዘው ቅጣት ይፈጸምብኝ። ልጄም ሆነች ሐኪሙ ግን በዚህ ምክንያት እንዳይጠየቁ።

መ. ከአሥር ዓመት በላይ ያልተንቀሳቀሱ ካርዶች በዚህ ወር እንዲወገዱ መመሪያ ደርሶናል። የባለቤቴ ካርድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከወንበሬ አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ አለ፤ አልነካሁትም፣ ሳይፈቀድልኝም አልነካውም። ከመወገዱ በፊት የክፍል ኃላፊዬ ባሉበት እንዲከፈትልኝ እለምናለሁ። ሐኪሙ የጻፉትን አይደለም የምፈልገው፤ እሱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነርሶቹ በየተራቸው የጻፉትን ነው። ባለቤቴ ምን እንደያዛት አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ እንደሆነ፣ ጠይቃ ከሆነም ምን ብለው እንደመለሱላት ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን ሳላውቅ ለራሴ መምረጥ አልችልም።

የዚህ ማመልከቻ መልስ ለቤተሰብ ሳይሆን ለእኔ በእጄ እንዲሰጠኝ በትሕትና አሳስባለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል መስኮቴ ላይ አለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ መስኮት ቁጥር 2
ፊርማ (የራሴ) ____________