ለሾፌሩ እግር የተሰጠ የደም ሥር

ውድ እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? አባዬንስ ያ ሳል ተወው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ደስታዬን ብቻዬን ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር በሚስቱ ተደግፎ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ነጥቶ በረዶ ሆኗል፤ ጣቶቹም አልታዘዝ ብለውታል። ቀደም ሲል እግሩ ውስጥ የገባለት ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧ አመርቅዞ ተደፍኖ ነበር። ሌላ ፕላስቲክ ብንተካ ያው መመረዙ አይቀርም። ከራሱ የደም ሥር እንዳንቀጥል፣ ደህና ደህናው ቀድሞ ለልቡ ቀዶ ሕክምና ተወስዶ አልቋል። ሚስቱ «ሊቆረጥ ነው?» ስትለኝ አለቃዬን ልጠራ ሮጥኩ።

አለቃዬ ግን አንድ መንገድ አለ አለ። ቤተሰብ ፈቅዶ ከሟቾች የተወሰዱ የደም ሥሮች ሆስፒታላችን ውስጥ በብርቱ ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ። ልኩ የሆነው ተገኘና ቀስ ተብሎ ከበረዶው ተላቀቀ። ይኼኔ አለቃዬ ወደ እኔ ዞሮ «ዛሬ የምትሰፊው አንቺ ነሽ፤ እኔ አግዝሻለሁ» አይለኝ መሰለሽ! ስፌቱ ቢከዳኝ እግሩ ብቻ ሳይሆን ነፍሱም ትሄዳለች።

የተመረዘውን አውጥተን፣ ቦታውን አጥበን፣ የማላውቀውን ሰው ደም ሥር ከላይም ከታችም ገጠምኩት። ደሙን አግቶ የያዘውን መቆንጠጫ ፈታሁ። ከስፌቱ ደም ጠብ አላለም። ነርሷ እግሩን ዳብሳ «ኧረ ሞቀ!» ብላ ጮኸች። ጣቴን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ባሳርፍ ትርታው መታኝ። አለቃዬ፣ ሙገሳ ከአፉ እንደ ጥርስ ተነቅሎ የሚወጣው ሰውዬ፣ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ፤ እማዬ፣ መሬት አልበቃኝም።

ሾፌሩ ነቅቶ የሆነውን ስነግረው «ያለ ትኬት የተሳፈረ ሰው ይዣለሁ በይኛ!» ብሎ አሳቀን። የደም ሥሩ ለዘላለም ላይቆይለት እንደሚችል፣ ክትትሉን እንዳያቋርጥ፣ ሲጋራውንም እርም እንዲል ነግሬዋለሁ። ትናንት ኮሪደሩን በሁለት እግሩ ሲመላለስበት ዋለ። ሚስቱ እጄን ጭምቅ አድርጋ «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ነኝ አልኳት። «ያጠባሽ ጡት ይባረክ» አለች። ምርቃቱ ያንቺ ነውና ተቀበይኝ። ግማሹን ግን በሐዘናቸው መሃል ለማያውቁት ሰው እሺ ላሉት ቤተሰቦች አካፍይልኝ፤ ማን እንደሆኑ አይነገረንም።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ወንድም ጋሼን ከነሚስቱ፣ አክስቴንም ከነጨዋታዋ ሰላም በይልኝ። ትንሿን እህቴን ጉንጯን ንከሽልኝ።

ያቺ ቁንጥንጥ ልጅሽ

ከሐኪሞች ማረፊያ ክፍል፣ ኅዳር ፱ ቀን