የታሪኩ ክፍለ ጊዜዎች

ጥር 6፣ ሰኞ፣ ጠዋት
ሦስተኛ ሻይ። ጉሮሮዬ አሁንም አልተከፈተም። ም/ዳይሬክተሩ አቶ ዋሪዮ በር ላይ ጠበቁኝ። እህቴ አሉኝ። እህቴ ካሉኝ መ/ር ታሪኩ ዛሬም የለም ማለት ነው። ወርቅ ፍለጋ ሻኪሶ ወርዶ ቀርቷል። የእሱን እንግሊዝኛ በራሴ ክፍለ ጊዜዎች ላይ ደርቤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። እሺ አልኩ። ሁልጊዜ እሺ ነኝ።

ጥር 7፣ ከሰዓት
ክሊኒክ ነበርኩ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን በባትሪ አየ። ካላሳረፍሽው ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል አለኝ። ወረቀትም ጻፈልኝ። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፤ ፈርቻለሁ። የእንጀራ ገመዴ ይሄው ጉሮሮ ነው። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጥር 9፣ ሐሙስ
9ኛ ቢ፣ የታሪኩ ክፍል። የዛሬው ትምህርት «ፋይት ባክ»። ሲያጠቁህ ዝም አትልም፣ ራስህን ትከላከላለህ፤ ጀማሪው ግን አንተ አይደለህም፣ አልኩ። በሹክሹክታ ነው ያስተማርኩት። ጂሎ ጅብን በቀንዷ ስለመለሰች ፍየል ምሳሌ ሰጠ፤ ተሳቀ። ዝምተኛዋ ሎኮ እጇን አወጣች። የሚጎዳሽ ሰው እየለመነሽ ቢሆንስ፣ ያኔም ፋይት ባክ ይባላል ወይ አለች። ይባላል፣ የግድ በቡጢ አይደለም፣ እምቢ ማለትም ይሆናል አልኳት። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ።

ጥር 12፣ እሑድ
ቸርች። መዘምራኑ መሃል ቆሜ አፌን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር። ማንም አላወቀብኝም። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።
ደብተር ማረም ይሻላል አልኩ። የሎኮ ዓረፍተ ነገር፦ መምህራችን ፋይት ባክ ስለማታደርግ ድምጿ ጠፋ። ስህተት የለውም። ራይት አደረግኩላት።

ጥር 13፣ ሰኞ፣ 2፡20
አቶ ዋሪዮ በር ላይ። አካም፣ ናጋ ብለው ሰላም አሉኝ፣ ከዚያ እህቴ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። የክሊኒኩን ወረቀት ሰጠኋቸው። ሁለቴ አነበቡት። ለዛሬ ብቻ አሉ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ። ልጆቹስ ታዲያ፣ አሉኝ። ያቺን ጥያቄ አልጠበቅኳትም።
የመምህራን ክፍል ተቀምጫለሁ። 9ኛ ቢ በመስኮት ይታያል፤ መምህር የለም፣ ጫጫታ ነው። ሎኮ ደብተሯን ገልጣ በሩን ታያለች።
አልገባም።