ስለ ግራጫው አምፕሊፋየር ለደምሴ

ደሜ፣

ሙት ዓመትህ ካለፈ ሳምንት ሆነው። ድንኳኑ ተመልሷል፤ የተዋስናቸው ድስቶችም ለየባለቤቶቻቸው ሄደዋል። እኔም ዛሬ ገና ቁጭ ለማለት ጊዜ አገኘሁ። በሆዴ ካንተ ጋር ሳላወራ የዋልኩበት ቀን የለም። ዛሬ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የምጽፍልህ። ምክንያቱን እስክደርስበት ታገሠኝ፤ ከባድ ነገር ከመጀመሪያው መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ።

ቤቱ ደህና ነው። ወደ ቁስቋም የሚያወጣው መንገድ ድንጋይ እየተነጠፈበት ስለሆነ ማኪና በበራችን ማለፍ ትቷል፤ ከገበያ የገዛሁትን ሁሉ በጀርባዬ ነው የማመጣው። ልጃችን ሜሮን ትምህርቷን ጨርሳ ደባርቅ ታስተምራለች። ለበዓል ስትመጣ መጀመሪያ የምትገባው ያንተ ክፍል ነው። ቤዝ ጊታርህን ትወለውልና ክሮቹን አላልታ ትሰቅለዋለች፤ እንዲያ ያስተማርካት አንተ ነህ። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎሉት ሁለቱም አምፕሊፋየሮችህ እዚያው ናቸው። ባለ አምፖሉ ጥግ ላይ፣ ግራጫው ደግሞ ከመስኮቱ ሥር። ግራጫው ላይ ጨርቅ ጣል እንዳደረግህበት ነው፤ አላነሳሁትም።

ባለ አምፖሉን ያመጣህበትን ቀን አስታውሳለሁ። ደርግ ወድቆ የኪነት ቡድናችሁ የተበተነ ሰሞን ነው። ጓደኞችህ ልብሱንና ከበሮውን ሲከፋፈሉ አንተ ለሁለት ሰው የሚከብድ አሮጌ ሳጥን አሸክመህ መጣህ። ሲያበሩት ወዲያው አይናገርም፤ በጀርባው ያሉት አምፖሎች ቀስ እያሉ እስኪቀሉ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ ሲጨምሩበትም ይወፍራል እንጂ አይሰነጠቅም።

ግራጫው የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። አዲስ ዓለም ሰፈር የሚነግደው ወዳጅህ ሐሰን ከሱዳን በመተማ በኩል አስመጣልህ። ባለ ትራንዚስተር ስለሆነ አንድ ሰው በአንድ እጁ ያነሳዋል። ፋብሪካው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ሠርቶት እንዳቆመ ሐሰን አልደበቀህም። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። አንተ ግን "መጥፎ ስለሆነ ላይሆን ይችላል ያቆሙት፤ ገዢ ሳያውቀው ቀርቶ ይሆናል" አልክና ተቀበልከው።

ያን ሰሞን ቤታችን ሌላ ሥራ አልነበረበትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ታስቀምጥና አንዱን ወፍራም ክር እየመታህ ገመዱን ከዚህ ነቅለህ እዚያ ስትሰካ ትውላለህ። እኔን ግቢው በር ላይ ታቆመኝና በመስኮት ብቅ ብለህ "አሁንስ? የቱ ነው የሚሻለው?" ትለኛለህ። ሽንኩርቴን እንደያዝኩ "ሁለቱም ሸጋ ናቸው" ስልህ ትስቅና "ይኼ መልስ አይደለም፣ የሺ" ትለኛለህ። በስንት ጊዜዬ ጆሮዬ ለየው። ባለ አምፖሉ ከደጅ ሲሰሙት ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ግራጫው ደግሞ እያንዳንዷን ምት ለይቶ ያሰማል። አንዱን ጠልተህ ሌላውን ወደህ አታውቅም። ባለ አምፖሉ ለአዳራሽ፣ ግራጫው ለመንገድ፤ ያንተ ፍርድ ይህ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ አይከል ላይ ሊዳር ሲል አባቴ ከኪነቱ በኋላ የገባህበት የሠርግ ቡድን እንዲጫወት ላከብህ። አባቴ ማለት "ልጄን ለዘፋኝ አልድርም" ብሎ ሽማግሌዎችህን ደጋግሞ የመለሰ ሰው ነው። ከተጋባን በኋላም ስምህን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም፤ "ያ ሰውዬ" ነበር የሚልህ። ስለዚህ መልእክቱ ሲደርስህ እንዴት እንደሆንክ አየሁ። ሸሚዝህን ራስህ ተኮስክ። ድንኳኑ የሚተከለው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለነበር መብራቱ በጄኔሬተር ነበር። ባለ አምፖሉ ኃይል ይበላል፤ ደካማ መብራት ላይም ያጉረመርማል። ግራጫው ይሻላል ብለህ እሱን ያዝክ።

እዚያ ስንደርስ የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር አንድ ብቻ ነበር። ለድምፃዊውና ለኦርጋኑ ለቀቅህላቸውና ያንተን በቀጥታ ሰካህ።

የሆነውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙሽሪትን ይዘው ሲገቡ ፈዞ የነበረው የድንኳኑ መብራት በአንዴ ቦግ አለ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። ወዲያው ከግራጫው የተቃጠለ ሽታ ወጣ። ጣቶችህ ይሄዳሉ፣ ድምፅ ግን የለም። የቡድኑ አለቃ ካሳ ገልመጥ አድርጎ አየህና ለኦርጋን ተጫዋቹ በዓይኑ ምልክት ሰጠው። ልጁ በግራ እጁ ያንተን ዜማ ያዘ። ዘፈኑ አልተቋረጠም፤ ከሠርገኛውም አንድ ሰው አልዞረም። ሰዉ እስክስታውን ይመታል፤ አንተ ዝም ያለ ጊታር አንግተህ ቆመሃል። አባቴ ራሱ ወንበር ይዞ መጣና "ና ቁጭ በል፣ ደክሞሃል" አለህ። ጊታሩን ጭንህ ላይ አድርገህ ከእንግዶቹ መካከል ተቀመጥክ። የእኔ ዘመዶች እያዩህ።

በማግስቱ ልንሳፈር ስንል አባቴ እግር ላይ ወደቅህ። "ሠርግዎን አበላሸሁ፤ ይቅር ይበሉኝ" አልከው። እሱም ትከሻህን ይዞ አነሳህና "ይቅር ለእግዜር" አለህ።

ከዚያ በኋላ ካሳ ለሥራ አልጠራህም። ኦርጋኑ ይበቃናል ማለቱን ከሌላ ሰው ሰማህ። አንተም ግራጫውን ፈታህ። ባለ አምፖሉን ሲከፍቱት አንጀቱ ሁሉ ይታያል፤ የተቃጠለውን ነቅሎ በሌላ መተካት ነው። የግራጫው ግን ዋናው ክፍሉ በደረቀ ጥቁር ሙጫ ተደፍኖ ነበር፤ ተሰብሮ ካልሆነ አይገባበትም። ሐሰን መተማ ድረስ ቢያስጠይቅ ዕቃው ከቀረ ቆይቷል፤ መለዋወጫም የለውም አሉት። አንተ ግን ነገሩን አልተውከውም። ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ አንሶታል፤ ፋብሪካው ጉድለቱን አውቆ ነው ሥራውን ያቆመው ማለት ጀመርክ። ደግሞ አዘዞ ያለው የሙያ ጓደኛህ ያንኑ ዓይነት ግራጫ እንደያዘ በየሠርጉ ሲጫወት ትሰማና ግራ ይገባሃል። "የእሱ ለምን አልተቃጠለም?" ትለኝ ነበር፤ እኔ የማውቅ ይመስል።

አይከልንም ተውካት። እናቴ ያረፈች ጊዜ እንኳ ቀብሩ ላይ ቆመህ ለቅሶ ቤት ሳትቀመጥ ተመለስክ። የዘመድ ዓይን ከበደኝ አልከኝ። ታመህ የተኛህ ጊዜ አንድ ቀን ጨርቅ የጣልክበትን ሳጥን ስታይ ቆየህና "እኔ ዕቃ መምረጥ አላውቅበትም፣ የሺ" አልከኝ። ዕድሜህን ሙሉ ስታስተያይ የኖርክ ሰው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ደረስኩ።

በጥር አባቴ ለዓይኑ ሕክምና ጎንደር መጣና እኔ ጋ አረፈ። ሌላ አልጋ ስለሌለ ያንተ ክፍል አስተኛሁት። ገብቶ እንደተቀመጠ ጨርቁን በከዘራው ነካ አድርጎ "ምነው ይኼ ተሸፍኗል?" አለኝ። የአይከሉ ነው አልኩት። በማግስቱ ቁርሱን ሳይነካ አስጠራኝ።

"ያን ዕቃ ያቃጠልነው እኛ ነን" አለኝ።

አልገባኝም ነበር። መልሶ ነገረኝ። መብራቱ ሲፈዝ የሙሽሪት ወገኖች እያዩ አፍሮ ኖሯል። ጄኔሬተሩን የያዘው ወፍጮ ቤት የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ነበር። አባቴ ወጥቶ ሞተሩን አፍጥነው አለው። ይርጋም "ኃይሉ ይበዛል፣ የሰው ዕቃ ያቃጥላል" ብሎት ነበር። "ጨምር አልኩህ" አለው፤ ይርጋም ጨመረ። ያ እልል የተባለለት ብርሃን ያንተን ግራጫ የገደለው ነው። የሌሎቹ በስታቢላይዘሩ ዳነ።

"ታዲያ እግርህ ላይ ሲወድቅስ?" አልኩት።

"አፌ ተያዘ" አለ። "ያን ዕለት ከዋጥኩት በኋላ ምን ብዬ ላውጣው? እያደር ከበደኝ። ባልሽ ሲሸሸኝ ጊዜ አወቀብኝ ብዬ እኔም ሸሸሁት።"

ደሜ፣ እሱ አንተን አፍሮ፣ አንተ እሱን አፍረህ ዓመታት ሄዱ። እኔ በመካከል ነበርኩ፤ ላንተም ለእሱም ሰላምታ የማመላልሰው እኔ። አባቴም ይርጋም የእኔው ሥጋ ናቸው፤ በእኔ ዘመዶች ድንኳን ውስጥ ነው የተዋረድከው። የዚያን ቀን አባቴን ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ መለስኩት፣ ምግብም አቀረብኩለት። ሳሎን ያለው ፎቶህ ፊት ለፊት መቀመጥ አቃተኝና ማድ ቤት ሆኜ በላሁ። ጎረቤት "አባትሽ ደህና ናቸው?" ሲለኝ እንኳ ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ወደ አይከል ከመመለሱ በፊት ለሙት ዓመቱ እመጣለሁ፣ በሰው ፊት እናገራለሁ አለኝ። ይቅርብህ አልኩት። ሰው እንዳይሰማብን ብዬ ነው፤ የአባቴን ውርደት ማየት አልፈለግሁም። እሱ ግን መጣ፤ ይርጋንም ይዞት መጣ። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው በልቶ እንዳበቃ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ። ካሳና የቡድኑ ሰዎች ነበሩ፤ ሐሰን ነበር፤ የአዘዞው ጓደኛህም ነበር። ድምፁ እየተቆራረጠ "አማቼን ያሳፈርኩት እኔ ነኝ። ዕቃው ጤነኛ ነበር፣ እሱም ሥራውን ያውቅ ነበር። እኔ አቃጥዬ እሱን ይቅርታ አስጠየቅሁት" አለ። ይርጋ ከኋላ ቆሞ ያለቅሳል። ካሳ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው።

አጠገቤ ያለች ጎረቤት "ለአንድ ዕቃ ነው ይኼ ሁሉ?" ብላ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ነገሩን ከየት ብጀምርላት ይገባታል?

ሰው ከተበተነ በኋላ የአዘዞው ጓደኛህ ቀረብ ብሎ የእሱ ግራጫ እስከ ዛሬ እንደሚሠራ ነገረኝ። በየቦታው ይዞት ይዞራል፤ አንድ ቀን ከድቶት አያውቅም። ፋብሪካው ለምን እንዳቆመው እሱም አያውቅም። "ደምሴ ባይነግረኝ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳለ አላውቅም ነበር" አለኝ። ያን ሲለኝ ነው ቀኑን ሙሉ ይዤው የዋልኩት እንባ የመጣው።

አባቴ ሲሳፈር "አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ" አለኝ። ይኸው አድርሼልሃለሁ። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ ብልህ ግን ውሸት ይሆናል። የዓይን ጠብታውን በሻንጣው ከትቼ ሸኘሁት፤ ጉልበቱንም ሳምኩ። ከዚያ ያለፈው ገና አልሆነልኝም። እሱን ሳስብ አፍራለሁ፤ እሱን ማፈሬም ደግሞ ያሳፍረኛል፤ አርጅቷል።

ላንተ ግን አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። ለሜሮንም፣ ነገ ለሚወለዱት ልጆቿም፣ ስለ አንተ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ያንን ቀን ሳልደብቅ እነግራለሁ፤ አባቴ ነው ብዬ አልሸፍንለትም። ደምሴ ቤዝ ይጫወት ነበር፣ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን አድርጎ የትኛው ለምን እንደሚበጅ ያውቅ ነበር እላለሁ። ምርጫህ ልክ ነበር፣ ደሜ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም ሌላ አይልህም።

ያንተው የሺ