በመድረኩ ላይ ለከንቲባው የተዘጋጀው ወንበር

እሁድ፣ ጃንዋሪ 4

የቤተክርስቲያኑ ማሞቂያ ዛሬም አልሠራም። በር ላይ ቆሜ ሰው ሳስተናግድ ጣቶቼ የአስተናጋጅነቴ ነጭ ጓንት ውስጥ ደነዘዙ። ከዚያ ፓስተር ቲልማን አስታወቀ... ጃንዋሪ 18፣ በቀድሞው ቄሳችን በቄስ ፔትዌይ መታሰቢያ ቀን፣ ከንቲባ ሃስኬል መድረክ ላይ ወጥቶ ይናገራል። ሃስኬል! የሰፈራችንን የምርጫ ጣቢያ የዘጋው ሰውዬ! ቄስ ፔትዌይ ጥቁር ሰው እዚያ እንዲመርጥ ብለው አይደል እንዴ መንጋጋቸው የተሰበረው?

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

ፓስተሩ ቢሮ ሄድኩ። ስለ ይቅርታ ሰበከኝ። ሰውዬው ይቅርታ ጠይቋል እንዴ? አልኩት። ጭራሽ ለመድረኩ የቆዳ ወንበር አስመጥቶለታል... ደሜ ፈላ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 17

ዘዴ አገኘሁ። በጸሎት ሰዓት በር አይከፈትም፤ የቤተክርስቲያናችን ደንብ ነው። ሃስኬል ደግሞ ሁሌም አርፍዶ ነው የሚመጣው፣ ፎቶ አንሺውን አስከትሎ። ብርዱ መልሶ እስኪሰደው ድረስ ዲያቆን ሩፈስ ጸሎቱን ያስረዝማል። እሱ ደግሞ ለዚህ ይለመናል? አንዴ ከጀመረ ምሳ ይበርዳል።

ለአክስቴ ኦዴሳ በኩራት ነገርኳት። አልሳቀችም።

«እኔንም በልጅነቴ የነጮቹ ቤተክርስቲያን በር ላይ መልሰውኛል» አለች። «የመለሰኝ ሰውዬም ነጭ ጓንት አድርጎ ነበር።»

በሷም ተናደድኩ። አሁን ይሄ ምን አገናኘው?

እሁድ፣ ጃንዋሪ 18

ጸሎት ላይ እያለን ሃስኬል መጣ። በመስታወቱ አየሁት፤ እጁን እያሻሸ። ሩፈስ ጸሎቱን ከአዳም ጀምሮ ገና ኖኅ ጋ ነው ያደረሰው። በሩን የያዘውን እጄን አየሁት... ጓንቱን። ወይ አክስቴ! ምን አድርጌሽ ነው?

ጸሎቱ እንዲያበቃ ኡህ ብዬ ሳልኩ። ሩፈስ ገባው፤ ቅር እያለው አሜን አለ። ከፈትኩ።

ሃስኬል ቀጥ ብሎ ወደ መድረኩ ሊሄድ ሲል እጄን ዘርግቼ ፊተኛውን አግዳሚ አሳየሁት። አስተናጋጅ ባሳየችው ቦታ ማንም አይከራከርም፤ ፓስተሩም ቢሆን። እዚያ የተቀመጠችው አክስቴ ጠጋ አለችለት።

«ና ተቀመጥ፣ ልጄ። ዛሬ ስማ።»

ፓስተሩ ባዶውን ወንበር አየ፣ እኔን አየ... ከዚያ አክስቴን ጠራት! በከዘራዋ ወጥታ እዚያው የቆዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቄስ ፔትዌይ መንጋጋቸው ታስሮ ለምርጫ ሲሰለፉ ከኋላቸው ቆማ እንደነበር ለሃስኬል ነገረችው። አሁን ግን ለመምረጥ ሁለት አውቶቡስ እንደምትይዝ። በስሙ እየጠራችው። ሰውዬው ጫማውን እያየ ዋለ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 19

ጣቢያው እንደተዘጋ ነው። ንዴቴም አልበረደም። ግን ፓስተሩ ደወለ። ስለ ጣቢያው ሊናገር ነገ ከተማው ምክር ቤት ይሄዳል፤ አብሬው እንድሄድ ፈለገ።

«በር ላይ ቢያቆሙንስ፣ እህት ሎሪን?»

እንቆማለና፣ አልኩት። ሩፈስን ይዘን እንሄዳለን። እስኪከፍቱልን ይጸልያል።