የእንግዳ ክፍሉ ራዲያተር

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

በአንድ ቤት፣ በአንድ የውሃ ማሞቂያ ቦይለር፣ አንዱ ክፍል እየጋለ ሌላው ለምን ይበርዳል? ጠዋት ክፍሎቹን በሙቅ ውሃ የሚያሞቁትን ራዲያተሮች አንድ በአንድ እየዳሰስኩ ዞርኩ። ወጥ ቤት፣ ትኩስ። ኮሪደር፣ ትኩስ። ፎቅ ላይ ያሉት ሁለቱም ትኩስ። የእንግዳ ክፍሉ... ድንጋይ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ማንም ግድ አይሰጠውም። ያ ክፍል የሚከፈተው ለገና፣ ለለቅሶና ቄሱ ሲመጡ ብቻ ነው። በመንገዳችን ያለ ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው። አሁን ግን የአያቴ የእማማ ሙሪየል አልጋ እዚያ ገብቷል። ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ናቸው፤ ከእንግዲህ ደረጃ አይወጡም። ዓርብ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ከሆስፒታሉ አንዲት ሴት መጥታ ክፍሉን ታያለች። ሙቀቱ ዐሥራ ስምንት ዲግሪ ካልሞላ እማማ ወደ ቤት አይመለሱም፤ የአረጋውያን ማቆያ ይገባሉ። ለክረምቱ ብርድ ብቻ ነው ይላሉ የሆስፒታሉ ሰዎች።

"ከገባሁ አልወጣም" ብለዋል እማማ በስልክ። ባለቤታቸው አባባ ክሊፎርድ ይህን ሲነግሩኝ ድንች እየላጡ ነበር። ቀና አላሉም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ከማንቸስተሩ ድርጅት አሁንም መልስ የለም። ዐሥራ አራት የሥራ ማመልከቻ... ሁለት "እናዝናለን"፣ የቀረው ዝምታ።

መጀመሪያ ራዲያተሩን አየር ገብቶበት ይሆናል ብዬ አስተነፈስኩት። አየር የለም፣ ወዲያው ውሃ ፊቴ ላይ። ከዚያ ቱቦውን ዳሰስኩ። ውሃ እስከሚያስገባው ቫልቭ ድረስ ያቃጥላል፣ ከቫልቩ ወዲያ በረዶ። አገኘሁት! ቫልቩ ነው። ግን የቱ ክፍሉ? ሙቀት የሚለካውን የቫልቩን ጭንቅላት ፈትቼ ከወጥ ቤቱ ጋር አቀያየርኩ። የዚህኛው ወጥ ቤት ይሠራል፣ የወጥ ቤቱ ግን እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ ከሥሩ ውሃውን የምትዘጋው ቀጭን ብረት፣ ፒኗ፣ ተጣብቃለች።

"አባባ፣ ይህ ቫልቭ ዜሮ ላይ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?"

"ከተገጠመ ጀምሮ።"

"መቼ ተገጠመ?"

"እናትሽ ያገባች ዓመት።"

"ሃያ አራት ዓመት ሙሉ! ተከፍቶ አያውቅም?"

"ሰው የማይቀመጥበትን ክፍል ማን ያሞቃል? የአያትሽ ትእዛዝ ነው።"

"በገናስ?"

"ካፖርት ምን ሊሠራ ተሰፋ?"

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ፒኗ ስትጫን ወርዳ፣ ስትለቀቅ መነሳት አለባት። ይቺ ወርዳ ቀርታለች። በፒንሳ ያዝኩና ሳብኩ። አልነቃነቅ አለች። አጥብቄ ሳብኩ...

"ተይ!" አሉ አባባ ከበሩ ላይ። "ነቅለሽ ምንጣፉን ልታጥለቀልቂው ነው? የዛገ ነገር ይለመናል እንጂ አይጎተትም።"

አርባ ዓመት የምንጣፍ ፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ነበሩ። ወለሉ ላይ ለመቀመጥ ብቻ ሦስት ደቂቃ ፈጀባቸው። አንድ ጠብታ ዘይት። በመዶሻው የእንጨት እጀታ ከጎን ኳ፣ ኳ። ከዚያ ምንም... ሻይ ጠጣን። እንደገና ኳ፣ ኳ። በጣቴ ስጫን ፒኗ ትንሽ ነጠረች። ሃያ ጊዜ ያህል ተጫንኳት፣ ለቀቅኳት። ውሃው እየተንሾካሾከ ገባ።

"ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት የተማርሽው ይህን ነው?"

"አራት ዓመት ነው፣ አባባ።"

"ባሰ።"

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ራዲያተሩ ቀኑን ሙሉ ጋለ። ክፍሉ በስምንት ሰዓት ዐሥራ ስምንት ዲግሪ ደረሰ። ለእናቴ ደውዬ ጉራዬን ነፋሁ። ሲመሽ መጋረጃውን ዘጋን... በአንድ ሰዓት ውስጥ ራዲያተሩ ቀዘቀዘ። ክፍሉ ዐሥራ አራት። ነገ ነው ሴትዮዋ የምትመጣው!

ፒኗን እንደገና አየኋት። ትነጥራለች። ታዲያ ምን ሆነ? አልጋው ላይ ተቀምጬ መጋረጃውን ሳይ ገባኝ። ወለል ድረስ ይወርዳል። የቫልቩ ጭንቅላት ከመስኮቱ ሥር፣ ከመጋረጃው ኋላ ነው። እዚያ የታፈነውን ሙቀት የክፍሉ ሙቀት ይመስለውና "በቃ፣ ሞቋል" ብሎ ይዘጋል። መጋረጃውን ወደ ላይ ቋጠርኩት። ራዲያተሩ ጋለ፣ በመስኮቱ ደግሞ ብርዱ ገባ። ዐሥራ ስድስት። ያለው መላ አንድ ነው፤ ቁመቱ እስከ መስኮቱ ደፍ ብቻ እንዲሆን መቁረጥ።

ለአባባ ነገርኳቸው። ጨርቁን ዳሰሱ። ከዚያ፣ "ይህን መጋረጃ ሙሪየል አንድ ክረምት ሙሉ ነው በእጇ የሰፋችው። ከነካነው ከሆስፒታል በእግሯ መጥታ ትገድለናለች።"

"በእግራቸው ከመጡማ ሴትዮዋ ምን ታደርግልናለች?"

ሊስቁ ነበር፣ ዋጡት። ወጡ። ጨርሶ የሚመለሱ አልመሰለኝም። መቀስ ይዘው መጡ። እኔ እንድቆርጥ አልፈቀዱም። ጫፉንም አጥፈው ራሳቸው ሰፉት። እኔ መብራት ያዝኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ሴትዮዋ ሚስ ኦዶኔል ትባላለች። በዐሥር ሰዓት ደረሰች፣ የኖቬምበር ቀን አጭር ነውና መጨለም ጀምሯል፣ መጋረጃው ተዘግቷል። የሙቀት መለኪያዋን አልጋው ራስጌ አስቀምጣ ስለ ደረጃው፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ጠየቀች። አባባ መለኪያውን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

"ዐሥራ ዘጠኝ" አለች። "ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ አላችሁ።"

"ይቺው ናት" አሉ አባባ። "ዲግሪ አላት። እስከ ዛሬ ምን እንደሚጠቅም ግራ ገብቶን ነበር።"

ወረቀቱን ፈረመች።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

እማማ መጡ። ኢሜይሌን ከከፈትኩ አራት ቀን ሆነኝ፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

በመራመጃ ብረታቸው እየተደገፉ በሩ ላይ ቆሙ። አልጋውን አዩ። ራዲያተሩን አዩ። ከዚያ መጋረጃውን... አባባ ቦርሳውን እንደያዙ ቀሩ።

"ማን ነው የቆረጠው?"

"እኔ" አሉ አባባ።

"የሰፋውስ?"

"እኔው።"

"ያስታውቃል።" ቀስ ብለው ሄደው አልጋው ላይ ተቀመጡ። መዳፋቸውን ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

"ጠማማ ነው፣ ክሊፎርድ። እንዲህ ሆኖ አያድርም" አሉ በመጨረሻ። "ሮዋን፣ የመርፌ ሳጥኔን ይዘሽ ነይ። እኔ ስፌቱን ከዚህ ልፍታ፣ አንቺ ከዚያ ጫፍ ጀምሪ።"