የዘምዘም ጥያቄ

ፌቨንዬ፣
የሸዋ ሮቢት ሙቀት አይጣል ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርዳችን ናፈቀኝ። በመስታወት ክር ላጠናከርነው የኮንክሪት ሰሌዳ ገበያ ሳፈላልግ፣ ሆቴል የሚያሠሩት ሁሉ «ስስ ነው» ብለው መለሱኝ። ዛሬ ግን አጣዬ ላይ የተቃጠለ ሱቋን እንደገና የምታሠራ ዘምዘም የምትባል ነጋዴ ናሙናውን ደጋግማ ዳሰሰችው።

«እሳት ቢመጣ ሳይፈርስ ይቆማል?»

«አይቀጣጠልም» አልኳት።

«እሱን አልጠየቅኩህም። ይቆማል ወይ?»

ደነገጥኩና «አላውቅም» አልኳት።

«እንግዲያው እስከ ሰኞ አጣርተህ ና፤ ከቆመ ለሱቄ የፊት ግድግዳ እወስደዋለሁ» አለችኝ።

የመጀመሪያዋ ገዢያችን ልትሆን ነው፤ እኔን ግን ጭንቅ ይዞኛል። ቦታ ሳያልቅብኝ እትዬ ሐይማኖትንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ይህን ካርድ ወደ ደብረ ብርሃን የሚያመጣው ሹፌር እንደሰጠሽ ከሠራናቸው ሰሌዳዎች አንዱን እሳት ውስጥ ክተቺው፤ ቢሰነጠቅም ሳትደብቂ ደውዪልኝ። ሰኞ ፊቷ ቆሜ እውነቱን መናገር አለብኝ።

ሚልኪያስ