ቫይታሚን ያላችሁት ክኒን

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ለምወድህና ዛሬ ግን ደሜን ላፈላኸው ልጄ፣

አባትህ ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት እንዳትደነግጥ ብዬ ነው እንጂ አዝኜልህ አይደለም። ስልክ ያልደወልኩት ደግሞ ስለማውቅህ ነው፤ ነገሩ ወደ አንተ ሲዞር «እማ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው ሐሙስ አባትህ የሰው ፀጉር እየቆረጠ ሳለ ደረቱን ያዘና ወንበሩ ሥር ተቀመጠ። ደንበኛው ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ታክሲ ፍለጋ መንገድ ላይ ወጣ። እኔም ተጠርቼ ከቤት እየሮጥኩ ደረስኩና ሆስፒታል ወሰድነው።

ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ አልጋዎቹ ተጠጋግተዋል። በመካከላቸው ያለው መጋረጃ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም። ዶክተሯ ከአንተ ታንሳለች። የልብ ሕመምተኛ መሆኑን ከካርዱ አይታ፣ ከምላስ ሥር የሚደረገውን ክኒን እንዲሰጠው ነርሱን አዘዘችና ወደ አባትህ ዞረች።

«አባባ፣ ዛሬ ወይም ትናንት ሌላ መድኃኒት ወስደዋል?»

«ምንም።»

«ለወሲብ የሚወሰድ ክኒንስ? አይፈሩ፣ ሁሉንም ሰው ነው የምንጠይቀው።»

«ኧረ እኔ! በዚህ ዕድሜዬ! ምን ነካሽ ልጄ!»

እየሞተ ይቆጣል! ጠዋት ሲውጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነርሱ ክኒኑን ይዞ ወደ አፉ ጎንበስ ሲል «ውሸቱን ነው! ወስዷል!» ብዬ ጮህኩ። ከመጋረጃው ማዶ ያለው በሽተኛ እንኳ ማቃሰቱን ተወው። ነርሱ እጁን መለሰ፤ በሌላ መድኃኒት ረዱት። በኋላ ዶክተሯ ወደ ጥግ ወስዳ «ሁለቱ ቢገናኙ ኖሮ የደም ግፊቱ ቁልቁል ይወርድና ላንመልሰው እንችል ነበር» አለችኝ።

ሰማህ? ቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ከተህ፣ በዚያ በረጅሙ ጓደኛህ እጅ የላክኸው ክኒን አባትህን ሊገድለው ነበር። «ለአጥንት ነው» አላችሁኝ፣ ሁለታችሁም። እኔ ሞኟ ደግሞ ጠዋት ጠዋት «ቫይታሚንህን ዋጥክ?» እያልኩ አስታውሰዋለሁ። አባትህ ሰው ሁሉ ገበናውን የሚነግረው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የስንቱን ትዳር ወንበሩ ላይ አስታርቋል። የራሱን ግን ለሐኪም መንገር አቅቶት ባሕር ማዶ ላለ ልጁ በስልክ ያንሾካሹካል። አንተስ? የልብ መድኃኒት እንደሚወስድ እያወቅህ «መጀመሪያ ሐኪምህን ጠይቅ» ማለት ምን ይከብድህ ነበር?

እኔም ከእናንተ አልሻልም። ከሁለት ሳምንት በፊት እኔም አንድ ልዋጥ ብዬ እጄን ስሰድ ጠርሙሱን ነጥቆኝ ኪሱ ከተተው። አባትህ እኮ ነፍጎኝ አያውቅም። ጥርጣሬ ገባኝና አንዷን ሰርቄ ፋርማሲ ወሰድኳት። ልጅቷ አይታ ሳቀችና ምን እንደሆነ ነገረችኝ። የልብ ሕመምተኛ ቢወስደው ምን ይሆናል ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ከኋላዬ ሰው ስለቆመ አፍሬ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ለአባትህም ማወቄን አልነገርኩትም። ለዚህ እስካሁን ራሴን ይቅር አላልኩም።

ትናንት ለቀጠሮ ሄድን። ዶክተሯ በሩን ዘግታ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔ ልመልስለት ስል «እሳቸው ይናገሩ» አለችኝ። በመጨረሻ «ሦስት ዓመት» አለ። ስንፈተ ወሲብ ይባላል አለችው። ይኸው ጻፍኩት፣ እጄ አልተቆረጠም! ከስኳርም፣ ከልብም፣ ከሚወስደው መድኃኒትም ሊመጣ እንደሚችል ነግራው ምርመራ አዘዘችለት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲተኛ እኔ የጠላኝ መስሎኝ ነበር። ክኒኑን ከጀመረም በኋላ ፈርቶ አልዞረም። ክኒን ማን ጠየቀው? ፊቱን ወደ እኔ ቢያዞር ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ ዶክተሯ «ይህንን ክኒን እንዲወስዱ ማን ነገረዎት?» አለችው። አባትህ አንተን ላለማስወቀስ ብሎ ምን አለ መሰለህ?

«ልጄ ነው። እሱ ራሱ ዓመት ሙሉ ወስዶት ምንም አልሆነም።»

እኔ ያልሰማሁ መስዬ ቦርሳዬን መጎርጎር ጀመርኩ።

ልጄ፣ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመትህ ነው። ሚስትህ እናቷ ቤት ከሄደች ስድስት ወር አለፋት፤ ስጠይቅህ «ትንሽ አየር ልትለውጥ ነው» ብለኸኝ አምኜህ ነበር። አሁንም ምንም አልጠይቅህም። ለእናት የሚነገር ነገር አይደለም፣ ይገባኛል። ለሐኪም ግን የሚነገር ነው። ግባ፣ በሩን ዝጋ፣ ተናገር። ያንን ክኒን ማን እንዳዘዘልህ፣ ሌላ ምን እንደምትወስድ፣ ልብህን መርምሮህ የሚያውቅ ሰው ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም፤ ይኸው ትናንት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ይቅርታ በለኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩልህ። የቀጠሮህን ቀን ብቻ ላክልኝ።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ሐኪም ፊት የሚይዝህን ዕፍረት ብቻ ይውሰድልህ። እዚያ ብቻህን ነህ፤ ብትወድቅ ከጎንህ ቆሞ «ውሸቱን ነው» ብሎ የሚጮህልህ የለም።

የምትቆጣህም የምትሳሳልህም
እናትህ